ጠበቃችሁ ላይ ያቀረባችሁት ቅሬታ ችሎት ሲደርስ፦ የኦንታሪዮ ሎው ሶሳይቲ ትራይቡናል፣ ከቅሬታ እስከ ውሳኔ ደረጃ በደረጃ

ቶሮንቶም ሆነ ኦታዋ ያለ የኛ ሰው ጠበቃው ወይ ፓራሊጋሉ (ጠበቃ ያልሆነ፣ ግን በተወሰኑ ጉዳዮች የመሥራት ፈቃድ ያለው የሕግ ባለሙያ) ሲበድለው ብዙ ጊዜ ወይ "እግዜር ይይለት" ብሎ ይተወዋል፣ ወይ ደግሞ ትራይቡናል የሚል ስም ከሆነ ሰው ሰምቶ ስምንት ገጽ ኢሜይል ጽፎ ቀጥታ ለትራይቡናሉ ይልካል፣ "ቅሬታ የምንቀበለው እኛ አይደለንም" የሚል መልስ ሲመጣለት ተናዶ ይተወዋል። ከዚህ ሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን ሌላ ነው። ቅሬታው ተቀባይነት አግኝቶ፣ ምርመራው አልቆ፣ ጉዳዩ ችሎት ከደረሰ በኋላ ሰዉ ምስክርነቱን ራሱ ያበላሸዋል። ዘመድ ከጎኑ አስቀምጦ ይመሰክራል፣ ያልተጠየቀውን ያወራል፣ የኢትዮጵያ ቀንና የፈረንጅ ቀን ይደበላለቅበታል፣ በቃ እውነቱን ይዞ ውሸታም ይመስላል።

ስለዚህ ከታች ያለውን በቅደም ተከተል አንብቡት፣ የደረሳችሁበትን ደረጃ ብቻ እየመረጣችሁ አትዝለሉ፣ ምክንያቱም ችሎት ላይ የሚጥላችሁ ነገር አብዛኛው የሚፈጠረው ደረጃ 2 ላይ ነው።

መጀመሪያ፦ ማን ማን እንደሆነ ለዩ

ሎው ሶሳይቲ ኦፍ ኦንታሪዮ ማለት ለጠበቆችና ለፓራሊጋሎች ፈቃድ የሚሰጥና የሚቆጣጠር አካል ነው። ቅሬታ የሚቀበለው እሱ፣ የሚመረምረው እሱ፣ ክስ የሚመሰርተውም እሱ ነው።

ሎው ሶሳይቲ ትራይቡናል ደግሞ ክሱን ሰምቶ የሚወስነው ነው። በ2014 ራሱን ችሎ የተዋቀረ፣ የመጀመሪያ ደረጃና የይግባኝ ክፍል ያለው ነው። መርማሪው ለትራይቡናሉ ሰዎች ደውሎ "ይሄን ሰውዬ አግዱልኝ" ማለት አይችልም፣ እናንተም አትችሉም።

እናንተስ? እናንተ ምስክር ናችሁ። ከሳሽ አይደላችሁም። የክሱ ስም "ሎው ሶሳይቲ እና እከሌ" ነው፣ የእናንተ ስም እዛ ላይ የለም። ሎው ሶሳይቲን ወክሎ የሚከራከረው ጠበቃ ሲያናግራችሁ ቢያከብራችሁም፣ ስልኩን ቢሰጣችሁም የእናንተ ጠበቃ አይደለም። ይሄን አንድ ነገር ካልያዛችሁ የቀረው ሁሉ ይጠምምባችኋል፣ "ጠበቃዬ ለምን አልተከራከረልኝም" እያላችሁ ትናደዳላችሁ።

ደረጃ 1፦ ከመጻፋችሁ በፊት ትክክለኛውን በር ፈልጉ

1. ሰውየውን ፈልጉት። ሎው ሶሳይቲ ዌብሳይት ላይ የጠበቆችና ፓራሊጋሎች ማውጫ አለ፣ ስም አስገብታችሁ ፈልጉ። ፈቃድ አለው ወይ፣ ታግዷል ወይ፣ በፊት ተቀጥቷል ወይ፣ እዛው ታያላችሁ። (ይሄ እንኳን ብር ከመክፈል በፊት ቢደረግ ነበር የሚሻለው፣ ግን ይሁን።)

2. ማውጫው ላይ ካጣችሁት ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ኢሚግሬሽን ኮንሰልታንት ከሆነ በር ተሳስታችኋል፣ የኮንሰልታንቶች ተቆጣጣሪ ሌላ ነው፣ ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ የኢሚግሬሽንና ሲትዝንሺፕ ኮንሰልታንቶች ኮሌጅ የሚባለው ነው፣ ቅሬታው እዛ ነው የሚሄደው። ጭራሽ ምንም ፈቃድ የሌለው "ፎርም እሞላለሁ" ባይ ከሆነ ደግሞ ያለፈቃድ የጥብቅና ሥራ መሥራትን ሎው ሶሳይቲም ይከታተላል፣ ለነሱ ማሳወቅ ትችላላችሁ።

3. ጠባችሁ ምን ላይ ነው? "ብር በዛብኝ" ብቻ ከሆነ፣ ማለትም ሥራውን ሠርቷል ግን የላከላችሁ የክፍያ ቢል አናደዳችሁ፣ ያንን የሚያየው የሱፒሪየር ኮርት የአሰስመንት ቢሮ ነው። ቢሉ በደረሳችሁ በአንድ ወር ውስጥ አመልክቱ፣ ከዛ በኋላ እየከበደ ይሄዳል። "ሥራውን አበላሽቶ ኪሳራ ላይ ጣለኝ" ከሆነ የሲቪል ክስ ነገር ነው፣ ጠበቆች ለዚህ ኢንሹራንስ አላቸው። "ብሬን በላው፣ ዋሸኝ፣ ጠፋብኝ፣ ሳልፈርም ፈረመልኝ፣ የሌላኛውንም ወገን ወክሎ ተገኘ" ከሆነ ግን አዎ፣ ሎው ሶሳይቲ ጋ ሂዱ።

4. ሰዓታችሁን ጠብቁ። ይሄን አጥብቄ የምናገረው ሰው እየተጎዳበት ስለሆነ ነው። ቅሬታ ማስገባት ሌላ የጊዜ ገደባችሁን አያቆምም። የስደተኝነት ጥያቄያችሁ ውድቅ ከሆነ ፌደራል ፍርድ ቤት ለማመልከት ያላችሁ 15 ቀን ነው፣ ለስደተኞች ይግባኝ ክፍልም ማስታወቂያ የሚገባው በ15 ቀን ውስጥ ነው። ጠበቃውን በኪሳራ ለመክሰስ ደግሞ ኦንታሪዮ ውስጥ መደበኛው ገደብ ሁለት ዓመት ነው። ሎው ሶሳይቲ እስኪጨርስ ልጠብቅ ካላችሁ ሁለቱም ያመልጣችኋል። ስለዚህ መጀመሪያ ሌላ ጠበቃ አግኝታችሁ ጉዳያችሁን አድኑ፣ ቅሬታው ጎን ለጎን ይሄዳል። የድሮ ጠበቃችሁ ጥፋት የስደተኝነት ጉዳያችሁን እንዳበላሸው ልትከራከሩ ከሆነ ደግሞ የስደተኝነት ጥያቄ የሚወስነው ኢሚግሬሽን ኤንድ ሬፊውጂ ቦርዱም ፌደራል ፍርድ ቤቱም ለዚህ የራሳቸው አካሄድ አላቸው፣ የድሮው ጠበቃ አስቀድሞ ማሳወቂያ ሊደርሰው ይገባል፣ አዲሱ ጠበቃችሁ ይሄን እንዲያደርግ ንገሩት።

ደረጃ 2፦ ፋይላችሁን አዘጋጁ

ሌላውን ብታዝረከርኩት እንኳ ይሄን አታዝረክርኩ።

1. ምንም ነገር አትሰርዙ። ዋትስአፕ፣ ቴሌግራም፣ ቫይበር፣ ቮይስ ሜሴጅ፣ ሁሉም ይቀመጥ። ስልክ ልትቀይሩ ከሆነ መጀመሪያ ቻቱን በሙሉ ኤክስፖርት አድርጋችሁ ለራሳችሁ በኢሜይል ላኩት። ስክሪንሾት ስታነሱ ቀኑና የላከው ሰው ስም ወይ ቁጥር ይታይ፣ መሀል መሀሉን ቆርጣችሁ አታውጡ። ችሎት ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ "ከዚህ በፊት ያለው መልእክት የት አለ?" ነው የሚሆነው፣ እመኑኝ። ደግሞ የተናደዳችሁበትና የተሳደባችሁበት መልእክት ካለ እሱንም አስቀምጡ፣ ሌላኛው ወገን ኮፒው አለው።

2. የብሩን መንገድ ለዩ። ኢ-ትራንስፈር ከሆነ ባንክ አፑ ላይ ገብታችሁ ማረጋገጫውን አውርዱ፣ ወደ የትኛው ኢሜይል እንደሄደ ይታይ፣ ምክንያቱም ብሩ ወደ ቢሮው አካውንት ነው ወይስ ወደ ግል አካውንት የገባው የሚለው ትልቅ ጥያቄ ነው። ቅድሚያ የተከፈለ ብር ትረስት አካውንት የሚባል የተለየ ሂሳብ ውስጥ ነው መቀመጥ ያለበት፣ ሥራው ተሠርቶ ቢል ከተላከላችሁ በኋላ ነው ከዛ የሚወጣው። ካሽ ከሰጣችሁ ደረሰኝ ሊሰጣችሁ ግዴታ አለበት፣ በአንድ ጉዳይ ከአንድ ደንበኛ 7,500 ዶላርና ከዛ በላይ ካሽ መቀበል ደግሞ ከተወሰኑ ሁኔታዎች በቀር ክልክል ነው። ደረሰኝ ካልሰጣችሁ ተስፋ አትቁረጡ፣ በዛን ቀን ከኤቲኤም ያወጣችሁበት የባንክ ስቴትመንት፣ "ብሩን አምጣ" ያለበት ቴክስት፣ አብሯችሁ የሄደው ሰው፣ ሁሉም ይረዳል።

ሊጋል ኤይድ ሰርተፊኬት (አቅም ለሌለው ሰው የጠበቃ ክፍያ የሚሸፍን ወረቀት) ኖሯችሁ ጠበቃው "ተጨማሪ ከኪስህ ጨምር" ብሎ ከተቀበላችሁ እሱን ለብቻው ጻፉት። በሰርተፊኬቱ በተሸፈነ ሥራ ላይ ተጨማሪ መቀበል አይፈቀድለትም፣ ለሊጋል ኤይድ ኦንታሪዮም አሳውቁ።

3. ፋይላችሁን ጠይቁ። ለጠበቃው አጭር ኢሜይል ላኩ፦ "የፋይሌን ኮፒ፣ የቢሎቼን ኮፒና የትረስት ሂሳቤን ዝርዝር ላክልኝ"። በቃ፣ ሌላ ነገር አትጨምሩ። መልስ ባይሰጥ እንኳ ዝምታው ራሱ ማስረጃ ነው። በስልክ አትጠይቁ።

4. የጊዜ ሰንጠረዥ ሥሩ። አንድ መስመር አንድ ነገር፣ እንዲህ፦

ማርች 3፣ 2023፣ ቢሮው ሄድኩ፣ ውል ፈረምኩ፣ ኮፒ አልሰጠኝም። ማስረጃ፦ የቀጠሮ ቴክስት፣ ቁጥር 1።
ማርች 6፣ 2023፣ 1,500 ዶላር ኢ-ትራንስፈር ላክሁ። ማስረጃ፦ ቁጥር 2።
ጁን 14፣ 2023፣ "ፎርሙ ገብቷል" አለኝ በስልክ። ማስረጃ፦ የለም፣ ባለቤቴ አጠገቤ ነበረች።

ስሜት አትጻፉበት። "ማስረጃ የለም" የምትሉበት ቦታ ላይ "የለም" ብላችሁ ጻፉ፣ የሚያስተማምነው እሱ ነው። በትክክል የማታስታውሱትን ቀን "ጁን አካባቢ" በሉ፣ ፈጥራችሁ ቁጥር አትስጡ፣ ምክንያቱም ከሁለት ዓመት በኋላ እዛች ቀን ላይ ተተክለው ይጠይቋችኋል።

5. ቀን፣ ሰዓትና ስም። ሁሉንም ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ቀይሩ፣ ሰዓቱንም ጭምር፣ "ሦስት ሰዓት ላይ" ያላችሁት በነሱ ከጠዋቱ ዘጠኝ መሆኑን ለይታችሁ ጻፉ። አገር ቤት የተሰጠ ሰነድ ላይ ያለው ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ ጎኑ ላይ የቀየራችሁትን አስቀምጡ። ስማችሁ ፓስፖርት ላይ፣ ደረሰኝ ላይና ባንክ ላይ በተለያየ ስፔሊንግ ከተጻፈ፣ ወይ የአባት ስም አንዱ ጋ እንደ ቤተሰብ ስም ሌላው ጋ እንደ መካከለኛ ስም ከገባ፣ "እነዚህ ሁሉ እኔ ነኝ" የሚል አንድ መስመር አናቱ ላይ ጻፉ። ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ግን መርማሪው ክፍያችሁን በሌላ ሰው ስም አይቶ ሲያልፈው ትንሽ አይሆንም።

ደረጃ 3፦ ቅሬታውን ላኩ

ቅሬታ በነጻ ነው። "ቅሬታ አስገባልሃለሁ" ብሎ ብር የሚጠይቃችሁ ሰው ካለ ጥላችሁት ሂዱ። ሎው ሶሳይቲ ዌብሳይት ላይ ፎርም አለ፣ በኦንላይን ወይ በፖስታ ይላካል።

ሁለት ገጽ ይበቃል። መጀመሪያ አራት አምስት መስመር ፍሬ ነገሩን፣ ከዛ የጊዜ ሰንጠረዡን፣ ከዛ ቁጥር የሰጣችኋቸውን ማስረጃዎች። የአማርኛ መልእክት ካለ ዋናውንም ትርጉሙንም አብራችሁ ላኩ፣ ማን እንደተረጎመው ጻፉ። ጠበቃው ቅሬታውን አይቶ መልስ እንዲሰጥ እንደሚደረግ አውቃችሁ ጻፉ፣ ለመርማሪው ብቻ በጆሮ የምትነግሩት ምስጢር አይደለም። ለጠበቃው የነገራችሁት ምስጢር ለሎው ሶሳይቲ ስትሰጡ ግን ለዓለም ተበተነ ማለት አይደለም፣ ሕጉ ይጠብቀዋል፣ ስለዚህ ፈርታችሁ ግማሹን አትደብቁ።

ማድረግ የሌለባችሁ፦ "ብሬን ካልመለስክ ሎው ሶሳይቲ እከስሃለሁ" ብላችሁ ቴክስት አትላኩ፣ ቅሬታችሁን ገንዘብ ማስከፈያ ያስመስለዋል። ጠበቃው በሽማግሌ ቢልክባችሁና "ብርህን እንካ፣ ቅሬታህን አንሳ" ቢላችሁ (ይደረጋል፣ የኛ ሰው ሽማግሌ መመለስ ይከብደዋል) ለሽማግሌዎቹ ተገቢውን አክብሮት ሰጥታችሁ ምንም ሳትፈርሙ ለመርማሪው ንገሩ። እናንተ ብታነሱትም ሎው ሶሳይቲ ሊቀጥልበት ይችላል።

ደረጃ 4፦ ምርመራው ሲቆይ

ይቆያል። የጉዳይ ቁጥራችሁን ያዙ፣ አድራሻ ወይ ስልክ ከቀየራችሁ ወዲያው አሳውቁ፣ አዲስ ነገር ሲኖር ብቻ ጻፉ። በየሳምንቱ "ምን ደረሰ" ማለት ጉዳዩን አያፈጥነውም።

ምርመራው ሲያልቅ ብዙው ቅሬታ ክስ አይሆንም። አንዳንዱ ይዘጋል፣ አንዳንዱ በማስጠንቀቂያ ወይ በምክር ያልቃል። ክስ እንዲሆን ፕሮሲዲንግስ ኦቶራይዜሽን ኮሚቴ የሚባለው መፍቀድ አለበት። ተዘግቶባችሁ ካልተስማማችሁ በደብዳቤው ላይ ከተጻፈው ቀን ሳታልፉ የኮምፕሌንትስ ሪዞሉሽን ኮሚሽነር እንዲያየው መጠየቅ የሚቻልባቸው ጉዳዮች አሉ፣ ደብዳቤው ይነግራችኋል፣ አጣጥፋችሁ ኪስ ውስጥ አትክተቱት።

ደረጃ 5፦ ክስ ተመሠረተ፣ ችሎቱ ሳይጀምር

ክሱ ከወጣ በኋላ ነገሩ የሕዝብ ነው። የጠበቃው ስም፣ የተከሰሰበት ነገር፣ የቀጠሮ ቀን፣ ሁሉም ትራይቡናሉ ዌብሳይት ላይ ይወጣል።

1. ለትራይቡናሉ ቢሮ ምን መጠየቅ እንደሚቻል እወቁ። ቀጠሮ መቼ ነው፣ ሊንኩ እንዴት ይገኛል፣ ቴክኒክ ችግር ገጠመኝ፣ የሰማሁትን ችሎት ሰነድ እንዴት አያለሁ፣ ይሄን ይመልሱላችኋል። "ምን ልበል? ያሸንፋል ወይ?" ካላችሁ አይመልሱም። ለፓናሉ አባላት (ጉዳዩን ሰምተው ለሚወስኑት ሰዎች) በፍጹም ኢሜይል አትላኩ፣ ሊንክድኢን ላይም አትፈልጓቸው። ማስረጃ ካላችሁ በሎው ሶሳይቲ ጠበቃ በኩል ብቻ ነው የሚገባው።

2. መጥሪያ ቢደርሳችሁ አትደንግጡ። እናንተን ለመክሰስ አይደለም። ለአሠሪ አሳይቶ ፈቃድ ለመጠየቅም ይጠቅማል።

3. የቃለ መሐላ ጽሁፍ (አፊዴቪት) ሊጻፍላችሁ ይችላል። የጽሁፉ እንግሊዝኛ ከእናንተ እንግሊዝኛ በላይ ከሆነ በአማርኛ ቃል በቃል ሳይነበብላችሁ አትፈርሙ። "በግምት ገብቶኛል" አይሠራም። መስቀለኛ ጥያቄ ላይ "አንቀጽ 14ን ራስዎ ነው የጻፉት?" ሲባል "እነሱ ጻፉት እኔ ፈረምኩ" ያለ ሰው ምስክርነቱን እዛው ቀበረው። ስህተት ካያችሁ አስተካክሉ በሉ፣ ነውር የለውም።

4. ምስጢር የሚጠበቅበት ነገር ካለ አሁን ተናገሩ። ነባሪው ደንብ ችሎት ለሕዝብ ክፍት ነው የሚል ነው። የስደተኝነት ታሪካችሁ፣ የሕክምና ጉዳይ፣ የልጅ ስም፣ አገር ቤት ያለ ቤተሰብ የሚያሰጋ ነገር ካለ ስም እንዳይወጣ ወይ ሰነድ እንዲዘጋ ትእዛዝ መጠየቅ ይቻላል፣ ግን በራሱ አይመጣም፣ ምክንያትም ይፈልጋል። ለሎው ሶሳይቲው ጠበቃ ከቀጠሮው ቀደም ብላችሁ በጽሁፍ ንገሩት። በችሎቱ ጠዋት ቢነገር ረፍዷል።

5. ቀጠሮ ሊራዘም፣ ሁለቱ ወገኖች በፍሬ ነገሩ ተስማምተው እናንተ ጭራሽ ላትጠሩም ትችላላችሁ። ይሄ ማለት ተሸነፋችሁ ማለት አይደለም። የተስማሙበት ጽሁፍ ለፓናሉ ይቀርባል፣ ያው ቅጣት ሊመጣ ይችላል።

ደረጃ 6፦ አስተርጓሚ

እንግሊዝኛ ለሥራ ትችላላችሁ፣ ሱቅ ትገዛላችሁ፣ ከልጆቻችሁ አስተማሪ ጋር ታወራላችሁ፣ ጥሩ። መስቀለኛ ጥያቄ ግን ሌላ ነው፣ አንድ ጥያቄ ውስጥ ሦስት ነገር ጠቅልለው "ይስማማሉ?" ይሏችኋል። ትንሽ እንኳ ከተጠራጠራችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ በስልክ ሳይሆን በኢሜይል፣ ገና እንደተጠራችሁ።

የምትናገሩትን ቋንቋ በትክክል ጻፉ። "ኢትዮጵያዊ አስተርጓሚ" አትበሉ፣ አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ኦሮምኛ ብላችሁ ለዩ። ልጃችሁ፣ የቤተክርስቲያን ጓደኛችሁ ወይ የዕድራችሁ ጸሐፊ አስተርጓሚ አይሆንም። የተመደበው ሰው የሚያውቃችሁ ወይ ጠበቃውን የሚያውቀው ከሆነ (ቶሮንቶ ትልቅ ከተማ ብትሆንም የኛ ሰው ጠባብ ነው) ከመጀመሩ በፊት ተናገሩ።

አንዴ በአስተርጓሚ ከጀመራችሁ በአስተርጓሚ ጨርሱ። ጥያቄው በእንግሊዝኛ ገብቷችሁ ትርጉሙ ሳያልቅ መመለስ ከጀመራችሁ መዝገቡ ይበላሻል፣ ሌላኛው ጠበቃም "እንግሊዝኛ ይችላል፣ ሲጠብበት ነው አስተርጓሚ የሚፈልገው" ይላል። አጭር አጭር ተናገሩ፣ ሁለት ሐረግ ብላችሁ ቁሙ። ትርጉሙ ተሳስቷል ብላችሁ ካሰባችሁ አስተርጓሚውን አትከራከሩት፣ ለፓናሉ "እንደዛ አላልኩም፣ ልድገመው" በሉ።

ደረጃ 7፦ የምትመሰክሩበት ቀን

አብዛኛው ችሎት አሁን በዙም ነው፣ ስለዚህ የሚበላሸውም በዙም ነው።

ከአንድ ቀን በፊት፦ ዙም አፕዴት አድርጉ፣ ስማችሁ ስክሪኑ ላይ "የሳሚ አይፎን" ሳይሆን ሙሉ ስማችሁ ይሁን። ላፕቶፕ ከስልክ ይሻላል፣ ምክንያቱም ሰነድ ሲያሳዩአችሁ ስልክ ላይ አይነበብም። ቻርጀር ሰኩ፣ ኢርፎን አዘጋጁ፣ በር የሚዘጋ ክፍል ፈልጉ። ቤት ሰው የሚበዛ ከሆነ ላይብረሪ ክፍል ያዙ፣ መኪና ውስጥ፣ ታክሲ ሥራ ላይ፣ በፍጹም።

በዕለቱ፦

1. ከሰዓቱ ቀደም ብላችሁ ግቡ። መጠባበቂያ ክፍል ውስጥ ረጅም ልትቆዩ ትችላላችሁ፣ ሊንኩ ተበላሸ ብላችሁ አትውጡ።

2. ከመመስከራችሁ በፊት ችሎቱን አትከታተሉ። ምስክሮች አንዱ የሌላውን እንዳይሰማ ሊከለከል ይችላል። ባለቤታችሁ ሌላ ክፍል ሆና በታዛቢነት እየሰማች "እንዲህ አለ" እያለች ቴክስት የምታደርግላችሁ ከሆነ ሁለታችሁም ችግር ውስጥ ናችሁ። ዘመድ አብሮ ክፍል ውስጥ አይቀመጥ፣ ካሜራ ባያየውም። ዓይናችሁ ወደ ጎን ሲሄድ ፓናሉ ያያል፣ "ክፍሉ ውስጥ ማን አለ?" ብሎ ይጠይቃል።

3. በመጽሐፍ ቅዱስ፣ በቁርአን ወይ ያለ መጽሐፍ በማረጋገጫ ቃል መግባት ትችላላችሁ። የትኛውን እንደምትፈልጉ አስቀድማችሁ ንገሩ።

4. ጠረጴዛው ላይ ምንም ወረቀት አይኑር። የጊዜ ሰንጠረዣችሁን ማየት ከፈለጋችሁ "ማስታወሻዬን ልይ?" ብላችሁ ፈቃድ ጠይቁ።

5. ከፊታችሁ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ሰዎች ይሆናሉ፣ ሁሉም የሕግ ሰው ላይሆን ይችላል፣ ከሕዝቡ የተመደበ ሰውም ይኖራል። ስለዚህ ለሰው እንደምትናገሩ ተናገሩ።

6. መጀመሪያ የሎው ሶሳይቲው ጠበቃ ይጠይቃችኋል፣ ከዛ የተከሳሹ ወገን መስቀለኛ ጥያቄ ያቀርባል። አንዳንዴ ተከሳሹ ጠበቃ ራሱ ነው የሚጠይቃችሁ፣ ለዚህ ልባችሁን አዘጋጁ። የተጠየቃችሁትን ብቻ መልሱ። "አዎ ወይስ አይደለም?" ሲባል ከአገር ቤት ጀምራችሁ አትተርኩ። የማታውቁትን "አላውቅም"፣ የረሳችሁትን "አላስታውስም"፣ ጥያቄው ካልገባችሁ "ይደገምልኝ"። ጭንቅላት መነቅነቅና "እእ" ማለት መዝገብ ላይ አይገባም፣ አፍ አውጡ። የኛ "ኧ" ብሎ ትንፋሽ ወደ ውስጥ መሳብ አዎ ማለት እንደሆነም እዛ የሚያውቅላችሁ የለም።

7. የማይመቻችሁን እውነት አትካዱ። ካሽ ከፍላችሁ ለታክስ አላሳወቃችሁም? ፎርም ላይ የተሳሳተ ነገር ፈርማችኋል? ለሎው ሶሳይቲው ጠበቃ ከችሎቱ በፊት ንገሩት። እናንተን የሚመለከት ሌላ የሕግ ችግር ሊያመጣ ከቻለ ደግሞ የራሳችሁን ጠበቃ አማክሩ። ችሎት ላይ ድንገት ሲወጣ ነው የሚጎዳው።

8. በመስቀለኛ ጥያቄ መሀል እረፍት ከተሰጠ ስለ ምስክርነታችሁ ከማንም ጋር አታውሩ። ሻይ ጠጡ፣ አየር ውሰዱ፣ ስልካችሁን አትክፈቱ።

ኢንተርኔት ቢቋረጥስ? የቢሮውን ስልክ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከጠረጴዛው ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ ወዲያው ደውሉ፣ በስልክ ሊያስገቧችሁ ወይ ሊጠብቋችሁ ይችላሉ። ብትታመሙስ? ለሎው ሶሳይቲው ጠበቃ ሳትዘገዩ ደውሉ፣ የሐኪም ወረቀት ያዙ። ዝም ብሎ መቅረት ግን፣ በተለይ መጥሪያ ከደረሳችሁ፣ የራሱ መዘዝ አለው። ብታለቅሱስ? እረፍት ጠይቁ፣ ይሰጧችኋል።

ደረጃ 8፦ ለመታዘብ ብቻ ለምትገቡ

የተበደለው ዘመዳችሁ ነው ወይ ያንኑ ጠበቃ ልትቀጥሩት አስባችሁ ነው፣ ምክንያት አትጠየቁም። የችሎት ካላንደሩን ዌብሳይቱ ላይ እዩ፣ የጉዳዩን ስም ይዛችሁ ለቢሮው ኢሜይል አድርጋችሁ ሊንክ ጠይቁ። ገብታችሁ ካሜራና ማይክ ዝጉ። መቅረጽ፣ ስክሪንሾት፣ ቲክቶክ ላይቭ፣ ለፌስቡክ ግሩፕ ማስተላለፍ፣ ያለ ፈቃድ ክልክል ነው። ፓናሉ ለተወሰነ ሰዓት ሕዝቡን ካስወጣ የግል ጉዳይ እየተሰማ ነው ማለት ነው፣ በኋላ ተመለሱ።

ደረጃ 9፦ ውሳኔውና ከውሳኔው በኋላ

ሁለት ጥያቄ ነው በየተራ የሚወሰነው። አንደኛ፣ ጥፋቱ ተረጋግጧል ወይ? እዚህ ላይ ማስረጃው የሚመዘነው እንደ ወንጀል ችሎት "ከጥርጣሬ በላይ" ሳይሆን "የበለጠ የሚያስኬደው የቱ ነው" በሚል ሚዛን ነው። ሁለተኛ፣ ቅጣቱ ምን ይሁን? ስለዚህ መጀመሪያ "ጥፋተኛ ነው" ተብሎ ቅጣቱ ሌላ ቀን ሲቀጠር ለቀቁት ብላችሁ አታውሩ።

ቅጣቱ ከተግሳጽ ይጀምራል፣ እስከ 10,000 ዶላር የገንዘብ መቀጮ፣ እገዳ፣ ፈቃዱን ራሱ እንዲመልስ መፍቀድ፣ እስከ መሰረዝ ይደርሳል። እያወቀ የደንበኛ ብር የበላ ጠበቃ ላይ የሚጠበቀው መሰረዝ ነው፣ ከዛ የሚያወርደው ልዩ ምክንያት ሲኖር ነው። የወጪ ክፍያ ከተፈረደም የሚሄደው ለሎው ሶሳይቲ ነው፣ ለእናንተ አይደለም። ይግባኝ ማለት የሚችሉት ተከራካሪዎቹ ናቸው፣ ምስክር አይችልም። በጽሁፍ የወጣ ውሳኔ ካንሊ የሚባለው ነጻ ዌብሳይት ላይ በስም ፈልጋችሁ ታገኙታላችሁ።

ኪሳራችሁስ? ትራይቡናሉ የጉዳት ካሳ አይፈርድላችሁም። ብራችሁ በጠበቃው አጭበርባሪነት ከጠፋ የሎው ሶሳይቲው ኮምፐንሴሽን ፈንድ ላይ ለብቻው ታመለክታላችሁ። ጣራው ለጠበቃ ጉዳይ እስከ 500,000 ዶላር፣ ለፓራሊጋል እስከ 10,000 ዶላር ነው። በቸልተኝነት ወይ በደካማ ሥራ ለደረሰ ኪሳራ አይከፍልም፣ አጭበርባሪነት መኖር አለበት። የራሱ ፎርምና የራሱ የጊዜ ገደብ አለው፣ ስለዚህ ብሩ መጥፋቱን ባወቃችሁ ሰሞን ፎርሙን አስገቡ፣ የችሎቱን ውሳኔ አትጠብቁ። ደረጃ 2 ላይ ቁጥር የሰጣችኋቸውን ደረሰኞች እዛም ትጠቀሙባቸዋላችሁ፣ ኮፒውን ላኩ፣ ዋናውን ቤት አስቀሩ።